ለጧፍ ሻጯ የሰጠሁት ስም

ሱቄ ውስጥ ፖለቲካ ሲነሳ ደንበኞቼ አስቀድመው ይስቃሉ። «እሱማ መንግሥት ባይኖር ደስ ይለዋል» ይሉኛል። ደስ አይለኝም። ሌባ የሚይዝ፣ ነፍሰ ገዳይ የሚያስር እንዲኖር እፈልጋለሁ። ማንንም ያልጎዳ ሰው ምን ይሽጥ፣ የት ይቀመጥ፣ ካለው ላይ ለማን ይስጥ የሚለውን ግን ለራሱና ለፈጣሪው ይተዉለት ነው የምለው። «መንገዱ ይዘጋ ታዲያ?» ይሉኛል። እሱን እኔም እስካሁን እያሰብኩበት ነው። ይህን ሐሳብ ያገኘሁት ከምሁር አይደለም፤ ከአንዲት እናት ነው፣ ያውም በድያቸው።

ያኔ መርካቶ ውስጥ ደንብ አስከባሪ ነበርኩ። ሥራዬ ያለ ፈቃድ መንገድ ዳር የሚነግዱትን ማስነሳት ነው። ዩኒፎርሜን ሚስቴ ትተኩስልኛለች፤ እሑድ ደግሞ ነጠላዬን አጣፍቼ አስቀድሳለሁ። ሁለቱ ይጋጫሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሥርዓት የእግዚአብሔር ነው፣ እኔም ሥርዓት አስከብራለሁ፤ በቃ።

እኚህ እናት ከአማኑኤል ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ማዳበሪያ ዘርግተው ጧፍ ይሸጡ ነበር። ክሩን ሰም እያስነከሩ ጧፉን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ እፍኝ እፍኙን በቀይ ክር ያስሩታል። ሁለት ጊዜ አስነስቻቸዋለሁ። ሦስተኛው ጊዜ የበዓል ዋዜማ ነበር፤ መንገዱ ተጨናንቆ ተሸካሚዎቹ ማለፊያ አጥተው ይጮሃሉ። ማዳበሪያውን ከነጧፉ ጠቅልዬ አነሳሁት።

«ልጄ፣ ከሥር ያለው የስለቴ ነው። ነገ ላስገባው ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሁለት ጊዜ ነግሬዎታለሁ።»

አልተሳደቡም፣ አልተራገሙም። ቀና ብለው አዩኝና «የክርስትና ስምህ ማነው?» አሉኝ።

ክው አልኩ። የክርስትና ስም ለማንም አይሰጥም፤ ድግምት ሊያስደግሙብኝ ነው አልኩ በልቤ። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ስታስጠነቅቀኝ የኖረችው ይህንኑ ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን የውሸት ስም ሰጠኋቸው። «እሺ ልጄ» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ።

አለቃዬን አስፈቅጄ ጧፉን በሙሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ! በማግስቱ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ቀዩ ክር ሲፈታ አየሁ። ጧፉ ተለኮሰ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔን ከመብራቱ መለስኩ። ያ መብራት የሳቸው ስለት ነበር፤ እኔ ከእጃቸው ነጥቄ የራሴ አድርጌ አስገባሁት። እሳቸው ደግሞ በፈቃዳቸው ሊሰጡት ነበር እኮ!

ከዚያ ወዲህ ወንጌል ሲነበብ ጆሮዬ ሌላ ነገር ይሰማ ጀመር። ያ ሀብታም ወጣት ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ ሲባል አዝኖ ሄደ። ጌታ ዝም ብሎ ነው ያሰናበተው፤ ደንብ አስከባሪ አላስከተለበትም። ደጅ ቆሞ ያንኳኳል እንጂ በር አይሰብርም። እሱ ያላደረገውን እኔ ማን ሆኜ ነው የማደርገው? ሕዝቡ ንጉሥ አንግሥልን ብሎ ነቢዩን ሲያስጨንቅ፣ ንጉሡ ልጆቻችሁንም እርሻችሁንም ይወስድባችኋል ተብለው እንደተነገራቸው ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ከወሳጆቹ አንዱ እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ወራት ፈጀብኝ እንጂ ሥራውን ለቀቅኩ። የመጀመሪያው ጉዳዬ እሳቸውን ፈልጎ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበር። እውነተኛ ስሜንም ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። ቦታቸው ላይ አጣኋቸው። ከጎናቸው ቅመም የሚሸጡት ሙስሊም እናት ያለ ዩኒፎርም አላወቁኝም።

«አርፈዋል እኮ ልጄ» አሉኝ። «ዘመድ ነህ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ወሬውን ቀጠሉ።

«አንድ ደንብ አስከባሪ የስለት ጧፋቸውን ወሰደባቸው። ወላሂ፣ አንድ ቀን አላማረሩትም። ይልቅ ልጁ እንዳይቀሰፍ ብለው ፈሩለት። ሳያውቅ ነው፣ ማረው እያሉ እስኪሞቱ ድረስ ጠዋት ጠዋት በስሙ ይጸልዩለት ነበር። ስሙን እኔ እንኳ ሸምድጄዋለሁ።»

ያንን የውሸት ስም ጠሩልኝ።

ያ ሁሉ ጸሎት፣ ያ ሁሉ ማለዳ!

«ምነው፣ ታውቀዋለህ እንዴ?» አሉኝ።

«አላውቀውም» አልኳቸው።