ሳትጠራ የማትገባ ጨረቃ

ደባርቅ ላይ ልጅ ሳለሁ ባሕር አይቶ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን አልነበረም፤ የኔታም አላዩም። ግን ፊደል ያስቆጠሩን፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉ የደብራችን መምህር ነበሩና፣ ስለ ወርና ስለ ጨረቃ የማያውቁት ነገር ያለ አይመስለንም ነበር። ያኔ፣ ራት ሳይደርስ፣ እኔና እህቴ ጋቢያችንን ተከናንበን ጎረቤት እሳቸው ቤት እንሄድና፣ የወይራው ፍም ጢማቸውን ሲያቀላው እያየን ስለ ደሴተ ሠርቅ፣ ስለ አዲስ ጨረቃ ደሴት፣ ተረት እንሰማ ነበር።

«ባሕር ምን ያህላል የኔታ?» አለች እህቴ አንድ ቀን።

«ከሊማሊሞ ቁልቁል ደመናው ተኝቶ አላየሽም? እሱን ውሃ ነው በይው። ብቅ ብቅ ያሉት ተራሮች ደሴቶች ናቸው።»

የደሴቲቱ ሰዎች በጨረቃ ይቆጥራሉ፤ መረብ የሚጠገንበት ወር አላቸው፣ ነፋስ የሚለመንበት ወር አላቸው። አዲስ ወር ግን እንዲሁ አይገባም። ጨረቃ በምትጠፋባቸው ቀኖች ባልንጀራውን የበደለ ሰው ተበዳዩ ደጅ ድረስ ሄዶ በደሉን በአፉ ይናገራል፤ ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ወሩን ይጠራል። እስከዚያ ሠርግ የለም፣ ጀልባም አይወጣም።

«ጨረቃዋ ቀድማ ብትወጣስ?»

«ትውጣ! ካልተጠራች ማን ይቆጥራታል፣ አንቺ ነገረኛ!» ይሉና ጭሱ እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

ኋላ በገብስ ማሳችን ላይ የድንበር ጠብ ተነሣ። ባላጋራችን የየኔታን ልጅ ያገባ ሰው ነበር። ከጅረቱ ማዶ ያለውን የድንበር ድንጋይ ከአያቴ ጋር የተከሉት የኔታ ራሳቸው ናቸው፤ እሳት ዳር ስንቴ አጫውተውናል። ሽማግሌዎች ሲጠይቋቸው ግን መሬት መሬት እያዩ «ድንበሩ ጅረቱ ነው፤ ማዶው የአማቼ ነው» አሉ። አባቴ «እግዜር ይስጥልኝ የኔታ» ብሎ ተነሣ።

ጨረቃ ስትጠፋ ደጃችን ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። መምጣታቸውን አልተጠራጠርኩም፤ ሕጉን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ምን ትጠብቃለህ? ግባ፣ ብርድ ይመታሃል» አለኝ አባቴ።

ነገርኩት። መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ከቀናት በኋላ ቀጭኗ ጨረቃ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች በላይ ታየች። ወደ ደጃችን የመጣ ሰው አልነበረም።

አባቴ ማሳው ተወስዶበት የሰው መሬት እያረሰ ሞተ። የኔታም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ አረፉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጨረቃ ማንንም ሳትጠብቅ እንደምትዞር ከነስሌቱ ተማርኩ፤ ዛሬ የማስተምረውም ይህንኑ ነው። የኔታን ይቅር አላልኳቸውም፣ ለማለትም አልሞክርም። የሚያንገበግበኝ ግን ማሳው ብቻ አይደለም። ልጄ ተረት ስትለምነኝ አፌን ስከፍት የሚወጣው የአባቴ ድምፅ አይደለም፤ አባቴ ተረት አያውቅም ነበር። የእሳቸው ነው፣ ከነለዛው። ልጄ ሳቋ ሲያበቃ «አባዬ፣ ድገመው» ትለኛለች። እደግመዋለሁ።