የአባቴ ወናፍ

ዛሬ ጠዋት ባሌ ከሰሉን ሊያቀጣጥል ሲል ከአባቴ የወረስነው ወናፍ ድንገት እንደ ጅብ ጮኸ። የያዝኩት እንስራ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ያን ድምፅ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

አባቴም ቀጥቃጭ ነበር፤ ቤታችን ከደብረ ታቦር ገበያ ወዲያ ለብቻው ነበር። እሳቱ እንዲበረታለት ብሎ የወናፉን የሸክላ አፍ አወጣና በተሰበረ ጠመንጃ አፈሙዝ ተካው። እሳቱስ በረታ። ወናፉ ግን በተጫነ ቁጥር የጅብ ጩኸት ያወጣ ጀመር። ማረሻ ሊያሠራ የሚመጣው ገበሬ ሁሉ ቀረ።

“አንተ ሰው፣” አለችው እናቴ፣ “ድሮም ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ እያሉ ያሙናል። አንተ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ታስጮኽላቸዋለህ?”

አባቴ አፈሙዙን አሳጠረው፤ ነፋስ የሚሾልክበትን ሁሉ በእርጥብ ቆዳ ጠቀጠቀው። ከዚያ “አጥሩ ጋ ሂጂና አዳምጪ” አለኝ።

ሄድኩ። ጎረቤታችን ልጇን አዝላ ከወንዝ ስትመለስ አየችኝ፤ ፈገግ አልኩላት። የልጇን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችና እርምጃዋን አፈጠነች።

“ይሰማል?” አለ አባቴ ከውስጥ።

“ኧረ ምንም አይሰማም!”

“እንግዲህ ይመጣሉ” ብሎ ላቡን ጠረገ።

“መች በጩኸቱ ሆነና” አለች እናቴ በቀስታ። ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ ባሌ ቆዳ ሊያረጥብ ሲነሳ እጁን ያዝኩት።

“ተወው፣ ይጩኽ። ለማን ብለን ዝም እናሰኘዋለን?”