አራት ጊዜ ሃምሳ

አኬዮ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማ በሆማ ቤይ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ስታስተምር ፀጉሯ ሸብቷል። የእሷንና እኔ የማስተምርበትን ክፍል የሚለየው የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ስትስቅም ስትቆጣም እሰማታለሁ። ባለ ዜሮ ቁጥር ማባዛት ባስተማረችበት ሳምንት ግን ሳቋን አልሰማሁም።

ልጆቹ የማባዛት ሠንጠረዡን እንደ ውሃ ጠጥተውታል። «አራት ጊዜ አምስት?» ስትላቸው «ሃያ!» ብለው ጣሪያውን ያነቃንቁታል።

«አራት ጊዜ ሃምሳስ?»

«ሃያ!»

«እንዴት ሆኖ?»

አዶንጎ የምትባል ደፋር ልጅ ተነሳች። «ቲቸር፣ ዜሮዋን ጨምሩ አላሉንም? ሃያ ላይ እኮ ዜሮ አለ!»

«ሦስት ጊዜ ሠላሳን ዘጠና ብላችሁኝ የለም እንዴ?»

«ዘጠኝማ ዜሮ የለውም።»

ጠመኔው መሬት ላይ ሲከሰከስ ሰማሁ። በኋላ እንዳጫወተችኝ፣ እራት ላይ ለባሏ ለኦቾላ ብትነግረው የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን፣ እየቆረሰ በትውልድ መንደሯ ጠርቷት፣ «የአሴምቦ ልጅ፣ እኔስ ብሆን ሌላ ምን እላለሁ? ያለ ነገር ላይ ምን ይጨመራል?» ብሎ ሳቀባት። እራቷን ሳትጨርስ ተነሳች።

በማግስቱ ልጆቹን ከሐይቁ ዳር ቀጫጭን ሸምበቆ አስለቅማ አሥር አሥሩን አሳሰረቻቸው። ግማሾቹ ሰይፍ ብለው ተማቱበት፤ ግማሾቹ ዘጠኝ አስረው አሥር ነው ብለው ተከራከሯት። ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ ሲዘጋ አምስት አምስት እስር በአራት ረድፍ ተደረደረ።

«ስንት ነው?»

«ሃያ!»

«ሃያ ምን?»

አዶንጎ እስሮቹን በጣቷ ቆጥራ፣ «ሃያ እስር... ቲቸር! ሁለት መቶ ነው! አንዷ ዜሮ የሃያ፣ አንዷ የእስሩ!» ብላ ጮኸች።

አኬዮ እፎይ አለችና አርባ ጊዜ ሃምሳ ብላ ጻፈች።

«ሁለት መቶ!» አሉ በአንድ ድምፅ፤ አዶንጎም ጭምር።

በእረፍት ሰዓት እኔ ዘንድ መጥታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «አንቺ፣ አርባውም እኮ አራት አሥር ነው። መልሱ ሁለት ሺህ መሆኑን ለማሳየት ሁለት መቶ እስር ከየት ላምጣ? ዳግመኛ ዜሮ ጨምሩ የሚል ቃል ከአፌ ከወጣ ምቺኝ!»

«ሥዕል ሥሪላቸው» አልኳት።

ሠራችላቸው፤ ሰሌዳው እስኪሞላ። በወሩ ፈተና ግን ያንኑ ጥያቄ ግማሹ ክፍል እንኳ አላገኘውም። ዳይሬክተራችን፣ «ከትምህርት ዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርተሻል፤ ወደ ማካፈል እለፊ» አሏት።

«ይህን ሳያውቁ ምኑን ያካፍሉታል?» ብትል፣ «ዕቅዱ ነው» ብለው ሄዱ። እሷም ወደ ማካፈል አለፈች። ያን ቀን ስታስተምር ድምፅዋ ከቆርቆሮው ወዲህ አልተሰማም።