አባቴ ሐይቁን ያሳየን ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ ከሚገኝ አንድ ሱፐርማርኬት ገብቼ ዓሣ ከሚሸጥበት ጥግ ስደርስ፣ በጭስ የደረቀ ዓሣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሻጩ ምን ልስጥሽ ሲለኝ ጋሪውን እዚያው ትቼ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ዓሣ ጠልቼ አይደለም። በአሥራ ሁለት ዓመቴ አንድ የሠራሁት ሥራ አለ፤ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር አብሮ ይመጣል።

ያኔ የምንኖረው ከዚያው ብዙ በማይርቀው ሆፕኪንስ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ አፓርታማ ነበር። አባቴ ታክሲ እየነዳ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። በወጣትነቱ በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከነተሳቢው በረሃውን ጨርሶ ባሕሩ ብቅ ሲል የነበረውን ሲያወራ፣ ሁለት እጆቹ ሳያውቀው መሪ ይይዛሉ። እዚህ ግን በዓል በመጣ ቁጥር አገር ምድሩ ወደ ሐይቅ ሲጎርፍ እሱ ሥራ ይገባል፤ መንገደኛ የሚበዛው ያን ጊዜ ነዋ። እኔና ታናሽ ወንድሜ በዓልን የምናሳልፈው መኪና ማቆሚያው ላይ ብስክሌት እየነዳን ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ለጁላይ አራት፣ ለዚህ አገር የነፃነት በዓል፣ ሥራ እንደማይገባ፣ ወደ ሰሜን ነድቶ ሐይቅ ሱፒሪየር ዳር ወዳለች አንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ እንደሚወስደን ቃል ገባ። ባሕር አሳያችኋለሁ አለን። ሐይቅ እኮ ነው ብንለው፣ ማዶው ካልታየ ባሕር ነው ብሎ ዘጋን። እኔም ለሰፈሩ ልጆች አንድ ሳይቀር አወራሁ፤ ሰምተውኝም ደጋግሜ አወራሁ።

ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው አባቴ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረው። በቤታችን ደብዳቤ የማነበው፣ ስልክ የማነጋግረው፣ ሐኪም ቤት የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ክሊኒኩ አስተርጓሚ እንጥራልህ ቢለው አባቴ እምቢ አለ። የሚመጣው ያው የእኛ ሰው ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሕመሜ ቀድሞኝ በሩ ላይ ይጠብቀኛል፣ ልጄ ትበቃኛለች አለ። እንዴት እንደኮራሁ።

ዶክተሩ ረጋ ብሎ አስረዳን። አባቴ ፊት ለፊቱን እንጂ ጎኑን አያይም። ግላኮማ ነው፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ጠብታ በየቀኑ ይጨምራል። ከዛሬ ጀምሮም መኪና መንዳት የለበትም። ይህችን የመጨረሻዋን ዓይን ዓይኔን እያየ ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

“ምን አለ?”

ግላኮማውንም፣ ጎኑንም፣ ጠብታውንም ነገርኩት። ከመንዳቱ ላይ ስደርስ ሐይቁ ትዝ አለኝ።

“ብዙ አትንዳ፣ ሲደክምህ እረፍ ነው ያለው” አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ስንመለስ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ቀን ምን አላት? ግን በእነዚያ ቀናት ሥራ ሲሄድ መስኮቱ ሥር ቆሜ እጠብቀው ነበር፤ ታክሲው ግቢው ውስጥ ሲታጠፍ ካላየሁ እህል አልበላልኝም። ያ ሁሉ ፍርሃት እያለ አፌን አለመክፈቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

የበዓሉ ዕለት በማለዳ ተነሣን። አባቴ ቀልድ አድርጎ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ያለ ረዳት አይወጣም፣ ከኋላ ሆነሽ በቀኝም በግራም የሚመጣውን ንገሪኝ አለኝ። እናቴ ሳቀች። እኔ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ስለማውቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አንገቴን እያዞርኩ፣ “ነጭ ቫን በቀኝ፣ አሁን አለፈ” ስል ሄድኩ። ዱሉዝ የምትባለውን ከተማ አልፈን ሐይቁ በአንዴ ሲገለጥ አባቴ መኪናዋን ዳር አስያዘ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ በጁላይ ሙቀት እንደ በረዶ የሚቀዘቅዘውን ነፋስ ሳበ። “ጨው ነው የጎደለው” አለ።

ከተማዋ አንድ ዋና መንገድና አንድ ወደብ ናት። ጀልባዎች ይንቋቋሉ፣ የዓሣ ወፎች ይጮኻሉ፣ ዓሣ በጭስ ከሚደርቅበት ቤት የሚወጣው ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል። እናቴ የሰኔን ጾም ስለያዘች ዓሣውን በሩቁ አሽትታ ዳቦዋን ገመጠች። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዓሣውን ከነወረቀቱ ጭኑ ላይ አድርጎ በጣቱ እየፈለቀቀ በላ፤ ለወንድሜም አጎረሰው። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እኔ ቁራሼን ሳልጨርስ ለወንድሜ ሰጠሁት።

ልንመለስ መኪናዋን ስናስነሣ የበዓሉ ሰልፍ ገና መበተኑ ነበር። ሰው ወንበሩን እያጠፈ ነው፤ ሕፃናት ከሰልፉ የተበተነውን ከረሜላ ከአስፋልቱ ይለቅማሉ። እኔ ወደ ግራ ዞሬ ነበር። በቀኝ በኩል አንዲት ትንሽ ልጅ መኪናችን ፊት ዘላ ገባች።

“ዳድ፣ ስቶፕ!” አለ ወንድሜ።

መኪናዋ ስትቆም የልጅቷ መዳፍ ቦኔቱ ላይ ነበር። አልተነካችም። ከረሜላዋን አንሥታ ሮጠች። እናቷ ግን ልጇን አቅፋ አባቴን አየችው።

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ ሐይቁ ዳር ነዳና አቁሞ ወረደ። ተከትዬው ወረድኩ። ፊቱ ወደ ውሃው ነው።

“አላየኋትም” አለኝ። “ከየት መጣች?”

“አባዬ፣ ዶክተሩ ጭራሽ እንዳትነዳ ነው ያለው። እዚህ መምጣት ስለፈለግኩ ነው ያልነገርኩህ።”

በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ቁልፉን በአውራ ጣቱ አሻሸ።

“ጭራሽ?”

“አዎ።”

ተመልሶ የእናቴን በር ከፈተና ቁልፉን ዘረጋላት። “ዶክተሩ አትንዳ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የደበቅኩሽ” አላት። ልናገር ስል ትከሻዬን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ።

እናቴ መንጃ ፈቃድ ቢኖራትም ከቤትና ከምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ውጪ ነድታ አታውቅም። ያን ሁሉ መንገድ እያለቀሰችና እየወቀሰችው፣ በቀኙ መስመር እየተጎተተች ነዳች። ልጆቼን ልትፈጅብኝ ነበር ትለዋለች። አባቴ ጎኗ ተቀምጦ፣ መኪና ከፊት ሲቀርብ በቀኝ እግሩ ፍሬን የሌለበትን ወለል ይረግጥ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ መሪ አልያዘም። እናቴ ደብል፣ በቀን ሁለት ፈረቃ፣ መሥራት ጀመረች፤ እሱ ምግብ ማብሰል ለመደ። ጠብታው ጥቂት ዓመት አቆየለት እንጂ አላዳነውም፤ ዛሬ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። እናቴ ይቅር ብላዋለች፣ ግን አልረሳችም።

ባለፈው ወር ወላጆቼ ቤት ምሳ ልበላ ስሄድ እናቴ ነገሩን እንደ ልማዷ አነሣችበት። ያን ቀን ሰው ገድሎ ቢሆንስ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አፉን ዘግቶ እንዴት አስቻለው አለችኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ልሞላ ነው፤ መደበቅ በቃኝ።

“እማዬ፣ እሱ እኮ አይደለም፤ እኔ …”

“ልጄ፣ ውሃ ስጪኝ” አለ አባቴ።

ተነሥቼ ቀዳሁለት። ብርጭቆውን ሳስይዘው ከነጣቶቼ ጨበጠው፤ ቶሎም አለቀቀኝም። እናቴ ወቀሳዋን ቀጠለች፤ እሱም እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ ሰማት።