አስራ ሁለት ደቂቃ የቀደመች ሾርባ

መግሪብ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ዝናቡ ዱብ አለ... ዝናብ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ በረዶ ነው። የምግብ ቤቴ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው የሚያወራው አይሰማችሁም። መብራትም እንደ ልማዷ ሄደች።

መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። እኔ ግን ይቺን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር እስካሁን ፊቴ ይቀላል።

ምግብ ቤቴ መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ብዙም ሳይርቅ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ደንበኞቼ ግን አብዛኞቹ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገጥሙ ሥጋ የሚባል ነገር ከሜኑ አወጣሁ። ቀን ዘግቼ እውልና ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ለማፍጠሪያ እከፍታለሁ። ተምር፣ የአጃ ሾርባ፣ የምስር ሳምቡሳ... ሾርባው ልክ አዛን ሲል ትኩሱን እንዲቀርብ ብዬ የሶላት ሰዓት የሚናገር አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። በዚያች አፕ የነዛሁትን ጉራ ሰፈሩ ይመስክር።

መጀመሪያ ላይ ግን ሰው አልመጣም። «ረመዳንን ክርስቲያን ቤት እናፍጥር እንዴ?» ያሉ ነበሩ። ያዳኑኝ ሀጂ ይማም ናቸው። በርበሬ በረንዳ ቅመም የሚሸጡ የወሎ ሽማግሌ ናቸው። «ልጁን አውቀዋለሁ፣ አያታልልም» ብለው ጎረቤቶቻቸውን እየጎተቱ አመጡልኝ። በሳምንቱ ቤቱ ሞላ።

ታዲያ ያን ቀን ሃያ ምናምን ሰው ተምሩን ፊቱ አስቀምጦ ይጠብቃል። በዚያ በረዶ የአንዋር አዛን እንደማይሰማ ሁሉም ገብቶታል። እኔ ሆዬ ስልኬን በባትሪ ከሚሠራ ስፒከር ጋር አገናኝቼ እንደ ሰርግ ቤት ዲጄ ቆሜያለሁ።

አዛኑ ከስፒከሩ ወጣ።

ሀጂ ይማም ተምራቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ሰዓቱ ገብቷል?»

«ገብቷል ሀጂ! ያፍጥሩ!» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«ቢስሚላህ» ብለው ጎረሱ። ሁሉም ተከተሏቸው። ሾርባ ተቀዳ፣ ሳምቡሳ ዞረ... እኔም በራሴ ኮራሁ።

ሾርባው ተጋምሶ ሳለ በሩ ተከፈተና አንድ ጫማ ነጋዴ እየተንጠባጠበ ገባ። እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ እኛን አየ።

«ምን ነካችሁ? ገና እኮ ነው!»

በረዶው እንደ ተንኮል እዚያው ቆመ። ጸጥታ... ከዚያ የአንዋር አዛን ጥርት ብሎ መጣ።

ያፈጠረው ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀመጠ። ስልኬን አየሁት። ከላይ «ድሬዳዋ» ይላል።

ለካ ለቅሶ ለመድረስ ድሬዳዋ ሁለት ቀን ከርሜ የተመለስኩት በዚያው ቀን ነበር። አፑ እዚያ ስደርስ ራሱን አስተካክሏል። ስመለስ ደግሞ ባትሪ ይበላል ብዬ ሎኬሽኑን አጥፍቼዋለሁ። እኔ መርካቶ ገብቻለሁ፣ ስልኬ ገና ከለቅሶው አልተነሳም። እዚያ ደግሞ ፀሐይ ከእኛ አስራ ሁለት ደቂቃ ቀድማ ነው የምትጠልቀው።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፣ ማንም ይሳሳታል። የሚያሳፍረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

«ኔትወርክ ነው...» አልኩ። «ዛሬ ኔትወርኩ ተበላሽቷል መሰለኝ።» ስልኩንም ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

አንዱ ጨርቅ ነጋዴ ወደ ሀጂ ይማም ዞረ። «እኛስ እርስዎን ብለን ነው የመጣነው፣ ሀጂ። ይኸው ቀናችን ተበላሸ!»

«ልክ ነህ» አሉ ሀጂ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላጣራ አፌን ከፈትኩ።»

እዚያው ቆሜ ሰማሁ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ በኔ ጥፋት ሲወቀሱ ጠረጴዛ እወለውል ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ጠዋት ሱቃቸው ሄድኩ። ያልለመደ ሰው በርበሬ በረንዳ ገብቶ ይቅርታ መጠየቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

«ሀጂ፣ የትናንቱ... እጥሽ!... ኔትወርክ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አሉኝ በርበሬውን እየሰፈሩ። «ስልክህን ስትደብቅ አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ስጠብቅ ነዋ!»

ማስነጠሱ እንኳ ተወኝ።

«ጾሙን ከዒድ በኋላ በሌላ ቀን ጾመን ቀዳ እናወጣዋለን፣ አላህ መሃሪ ነው» አሉ። «ሰዎቹ ግን የሚያሙት እኔን ነው። ማታ አንተው ንገራቸው።»

ማታ ጭልፋውን እንደያዝኩ መሃል ላይ ቆምኩ። ድሬዳዋውን፣ ሎኬሽኑን፣ ውሸቱን... ሁሉንም ተናገርኩ። ተነስተው ይወጣሉ ብዬ ነበር።

የተነሳው ያ ጨርቅ ነጋዴ ብቻ ነው። ወደ በሩ ሲሄድ መስሎኝ ነበር። ሀጂ ይማም ጋ ሄዶ ትከሻቸውን ሳመ። «በድዬዎታለሁ፣ አውፍ ይበሉኝ ሀጂ» አላቸው። ለኔ ምንም አላለኝም፣ እሱ ደግሞ ከስድብ በላይ አመመኝ።

ዒድ አለፈ። ትናንት ሀጂ ደወሉልኝ።

«ያችን ቀን ሐሙስ ልንጾማት ተስማምተናል። የምናፈጥረው አንተ ጋ ነው፣ ሁላችንም። ሾርባህን አዘጋጅ... ስልክህን ግን ቤትህ ትተኸው ና።»

እናላችሁ፣ ሐሙስ ማታ ደውላችሁ ካላነሳሁ በራፌ ላይ ቆሜ የአንዋርን አዛን እየጠበቅሁ ነው።