የሰባት ሰዎች ራጅ

የናም ዶክጊል ራጅ ንጹሕ ሆኖ መጣ። የከሰል ማዕድኑ ነርስ ሲስተር ፒዮ ቦክሱን ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ደጋግማ አየችው። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳንባ ነው የሚመስለው፤ አንድ ነጥብ የለበትም። ዶክጊል ግን አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። አሥራ ስድስቱን ዓመት በሙክጎል የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ፣ ጫፍ በሚሉት የመጨረሻው መቆፈሪያ ላይ ቋጥኝ ሲሰረስር ነው የኖረው። ጎረቤቷም ስለሆነ፣ ጠዋት ሩዟን ስታጥብ ሳሉን በስሱ ግድግዳ በኩል ትሰማዋለች። ሲጀምር ቶሎ አያቆምም።

የአምናውን ፊልም ከመደርደሪያው አውጥታ አጠገቡ ያዘችው። በአምናው ላይ ግራ ጎኑ አራተኛው አጥንት ተሰብሮ የገጠመበት እብጠት በግልጽ ይታያል፤ ጣሪያ ተንዶበት የተሰበረ ነው። በዘንድሮው ላይ ግን አጥንቱ ቀጥ ያለ ነው።

በማግስቱ ከፈረቃ ሲወጣ ክሊኒኩ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን ደረት ነው?»

«የኔ ነዋ! የማን መሰለሽ?»

«የእርስዎ አጥንት ተሰብሮ ነበር። የዚህ ሰውዬ ተሰብሮ አያውቅም።»

ዶክጊል ሳቀ። «የአሳማ ጮማ አብዝቼ ነዋ! አቧራውን ጠራርጎ ሲወስድ አጥንቱንም ጠግኖት ይሆናል።» ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ጉልበቱን ይዞ ጎነበሰ። ቀና ሲል መሐረቡ ላይ የተፋው ጥቁር ነበር። ከዚያ በኋላ መዋሸቱን ተወው።

«ታናሽ ወንድሜን ነው የላክሁት። በየዓመቱ የሚመጣው የራጅ መኪና ውስጥ ስም ጠርተው ልብስህን አውልቅ ይሉሃል እንጂ ፊትህን ማን ያያል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ መምህራን ማሠልጠኛ ገብታለች፣ ሲስተር። የቀራት አንድ ዓመት ተኩል ነው። ከጫፍ ካነሱኝ እላይ ከሴቶቹ ጋር ከሰል ለቃሚ ልሆን ነው፤ በዚያ ደመወዝ ደግሞ ማን ያስተምራታል? እስክትጨርስ ብቻ ዝም በይልኝ፣ እህቴ።»

ቦክሱን የነገሩን መጨረሻ ታውቀዋለች። አባቷ በዚሁ የአቧራ ሕመም መተኛት አቅቶት፣ ትራስ ታቅፎ እንደተቀመጠ ነው የሞተው። እሷን ነርስ ያደረጋትም እሱ እዚያው ጫፍ ላይ ያገኘው ደመወዝ ነው። አባቷን ያኔ አንድ ሰው አስቁሞት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ነጭ ልብስ አትለብስም ነበር። ይህን እያሰበች «የአፍ መሸፈኛዎን እንዳያወልቁ» አለችው። ፊልሙንም ከጤነኞቹ ጋር ከተተችው።

መሸፈኛውን አላጠለቀም። ያፍናል አለ፤ እውነቱን ነው፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ ያፍናል። አቧራውን ከምንጩ የሚያስቀረው ውሃ ነው። መሰርሰሪያው ላይ ውሃ ከፈሰሰ ብናኙ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል እንጂ ሰው ሳንባ ውስጥ አይገባም። የውሃው ቧንቧ ተገዝቶ መጋዘን ከተጣለ ሁለት ዓመቱ ነበር። በብርዱ ወራት መካከል የዶክጊል ሳል ቀንም ሌሊትም አላቋርጥ ሲል ቦክሱን ወደ ማዕድኑ ኃላፊ ወደ ኡም ሄደች።

«ቧንቧው ይዘርጋ፣ አቶ ኡም።»

ኡም መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀት ፊቷ አኖረ። «ይኸው፣ ራስሽ ፈርመሽ የላክሽው ሪፖርት። ጫፍ ላይ ከሚሠሩት አንድም የታመመ የለም ይላል። ለጤነኛ ሰው መድኃኒት ታዝዣለሽ እንዴ? ውሃ ሥራ ያጓትታል፣ ሲስተር።»

ክሊኒኩ ገብታ በሩን ቆለፈችና የሁሉንም ፊልም ከአምናው ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ጀመረች። ሦስት ቀን ፈጀባት። የአንዱ ልብ በአንድ ዓመት ውስጥ አንሶ ተገኘ፤ የሌላው የትከሻ አጥንት ሌላ ቅርጽ ይዟል። ከዶክጊል ሌላ ስድስት ሰዎች ሌላ ሰው ልከዋል። ጎረቤቷን ያዳነች መስሏት ዝም ስትል፣ የሁሉንም ውሸት በፊርማዋ አጽድቃለች።

ለክፍለ ሀገሩ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ደብዳቤ ጻፈች። የሰባቱንም ስም ዘረዘረች፤ ከታች «የናም ዶክጊልን አውቄ ደብቄያለሁ» ብላ ጨመረች።

ተቆጣጣሪዎች መጡ። ሰባቱም እንደገና ራጅ ተነሡ፤ አምስቱ ታመው ተገኙ፣ ዶክጊል ከሁሉም የባሰ ሆነ። አምስቱም ከጫፍ ተነሡ። ውሃው በሚያዝያ ተዘረጋ። እሷን ማስጠንቀቂያ ጽፈው እዚያው ተዉአት፤ ሙክጎል ድረስ የሚመጣ ሌላ ነርስ አልነበረም።

መንደሩ ግን ፊቱን አዞረባት። ደጃፏ ላይ አመድ ደፉባት። ወደ ፈረቃ ሲሄድ ሴት መንገድ ያቋረጠችበት ሠራተኛ ገደ ቢስ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ነርስ ናት ተብሎ ይህ ለእሷ አይቆጠርም ነበር፤ አሁን ግን ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ይመለሱ ጀመር። ውሃው ልብሳቸውን አበስብሶ ብርድ ሲያስገባባቸውም የሚረግሙት እሷን ነው።

ዶክጊል ውሃው ከተዘረጋ በኋላ በሁለተኛው መከር ሞተ። ልጁ ትምህርቷን አቋርጣ ከተማ ሹራብ ፋብሪካ ገብታ ነበር፤ ለቀብሩ አንድ ቀን ብቻ ፈቀዱላት። ቦክሱን ለቅሶ ቤት ስትገባ የተቀመጡት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጧት። የሟች ሚስት ዎልሲም ሾርባ ታድል የነበረችበትን ጭልፋ አስቀምጣ መጣች። ቦክሱን «ለምን ተናገርሽ?» ትለኛለች ብላ አንገቷን ደፋች።

«ያንን ፊልም ያየሽው መቼ ነው?» አለች ዎልሲም።

«በካቻምናው መከር።»

«የተናገርሽውስ?»

«ብርዱ ሊያበቃ ሲል።»

«አራት ወር! እኔ ምንም አላውቅም ነበር እኮ። ጉንፋን ነው ይለኛል፣ ዝንጅብል አፈላለታለሁ። ብትነግሪኝ በእግሩ ጎትቼ አወጣው ነበር፤ ፍራሼን እሸጥ ነበር። ሁለታችሁ ተማክራችሁ ጨረሳችሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ቦክሱን «አጥፍቻለሁ፣ እትዬ» አለች። ዎልሲም ይቅር አላለቻትም፣ አላባረረቻትምም። አንድ ሳህን ሾርባ ፊቷ አስቀምጣላት ወደ እንግዶቹ ሄደች።

በሚቀጥለው ዓመት ቦክሱን የራጅ ውጤት ለብቻው ለሚመጣ ባል መንገር አቆመች። ወንዶቹ «ሚስቴ ምን አግብቷት!» እያሉ በሩን እያላተሙ ይወጣሉ። እሷ ፊልሙን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋች፣ ሚስትየዋ እስክትመጣ ትጠብቃለች።