አፍንጫው ውስጥ የረሳሁት ጨርቅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ መሠረት ከጅማ መርካቶ ወደ ቤት ልትወስደኝ በፒካፕ መጣች። መኪናው ኮፈኑ ላይ ንፋስ የሚገባበት አፍንጫ አለው። ከመግባቴ በፊት እጄን ሰደድኩበት።

«እማ፣ ደግሞ ጀመርሽ!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ጨርቁን የረሳሁ ጊዜ እሷ የዘጠኝ ወር ልጅ ነበረች፤ እኔ አጋሮ፣ ቡና መፈልፈያ ቤት ውስጥ ቡና አበጥር ነበር። በጥር ገለባው እንደ ጭጋግ ስለሚበን፣ መኪና ሲጫን አፍንጫው ውስጥ ጨርቅ እንወትፋለን፤ ሊነሳ ሲል እንነቅላለን። የዚያን ቀን የወተፍኩት እኔ ነኝ። ወዲያው ጎረቤቴ ልጄን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። የልጄ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሹፌሩ ጋሽ ነዚፍ፣ «ግቢ! ጅማ ሆስፒታል አደርስሻለሁ» አሉኝ። ሌላ ነገር ማን አስታውሶ!

ዳገቱን ስንጀምር መኪናው ደከመ። ከኋላ ጥቁር ጭስ፣ ከፊት የጠጠር መንገዱ አቧራ።

«ያ ረቢ! የውሃው ሙቀት ልክ ነው፤ ታዲያ ጉልበቷን ምን በላው?» አሉ፣ ማርሽ እየቀነሱ።

የልጄን ላብ ልጠርግ ከመቀነቴ ጨርቅ ሳወጣ፣ ግማሹ የተቀደደ ነው። ሌላው ግማሽ የት እንዳለ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ብናገር ያወርዱኛል ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ኩርባ አለፍን። ሌላ ኩርባ።

«አትወጣም። ተመልሰን ሌላ መኪና እንፈልግ» አሉ።

«ጋሼ፣ አፍንጫው! ጨርቁን ረስቼዋለሁ!»

ዘለው ወርደው መዘዙት። እኔም ልጄን ታቅፌ ወረድኩ። ኮፈኑን ሲከፍቱ ወላፈኑ ፊቴን መታኝ።

«ቱርቦው ለሞተሩ የሚነፋው አየር ትኩስ ነው። የሚበርደው በአፍንጫዋ በሚገባው ንፋስ እዚህ፣ ኢንተርኩለሩ ላይ ነው። ይሄ ከጋለ ሞተሩ አቅም የለውም» አሉ፤ ቀና ብለው አዩኝ። «አፍንጫዋን ደፍነሽ ዳገት ውጪ ትያታለሽ? በይ ግቢ፤ ንፋስ ስታገኝ ትበርዳለች።»

ቀስ ብለው ነዱ። እኔ የልጄን ትንፋሽ እያዳመጥኩ፣ እሳቸው የሞተሩን። ዳገቱ አናት ላይ ሞተሩ ድምፁ ጠራ። ሆስፒታል ደርሰን ነርሷ ኦክስጅን ስታደርግላት፣ ከንፈሯ ቀስ በቀስ ቀላ። ጋሽ ነዚፍ በር ላይ ሆነው «አልሃምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ።

መሠረት ስለ ጨርቁ ታውቃለች፤ ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። ዝም ብዬ ያለፍኳቸውን ሁለት ኩርባዎች ግን አልነገርኳትም። ባለፈው ሳምንትም አፍንጫው ባዶ መሆኑን በእጄ አይቼ ፒካፑ ውስጥ ገባሁ። ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ቤታችን በር ላይ አወረደችኝ። ደርሰናል። ደህና ነን።